የአንጎል ዕጢና የኤፒጄኔቲክ ኢንዛይሞች፦ የትኛው መድኃኒት ሠራ? የትኛውስ ለምን ከሸፈ?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦገስት 6 ቀን 2024 ቮራሲዴኒብ የተባለ ክኒን ለአንድ ዓይነት የአንጎል ዕጢ እንዲሰጥ ፈቀደ። ዜናውን በጨረፍታ የሰማ ሰው "የተበላሸ ጂን የሚጠግን መድኃኒት ተገኘ" ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ግን ጂኑን አይነካውም። የተበላሸው ጂን ክኒኑ ከመዋጡ በፊትም በኋላም እንደተበላሸ ነው። ክኒኑ የሚያስረው ጂኑ ያመረተውን ኢንዛይም ነው፤ በዚህም ኢንዛይሙ በሌሎች ጂኖች አነባበብ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ይቀንሳል። ጂንን መጠገንና ኢንዛይምን ማሰር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተመሳሳይ ተስፋ የተጣለባቸው ሌሎች መድኃኒቶች ለምን እንዳልሠሩ የሚገባንም ይህ ልዩነት ሲገባን ነው።

(እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ እንዴት ይለወጣል?

"አለ" የሚለውን ቃል እንውሰድ። "ለ" ላልቶ ሲነበብ "ተናገረ" ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ "ይገኛል"። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንባቢ እንዳይሳሳት በ"ለ" ራስ ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ብናደርግ ፊደሉን አልቀየርንም፤ ንባቡን ግን ወስነናል። ኤፒጄኔቲክስ በዲኤንኤ ላይ የሚያርፉ እንዲህ ያሉ ነጥቦችን የሚያጠና ዘርፍ ነው። የአንጎል ሴልና የጉበት ሴል የያዙት ጽሑፍ አንድ ሆኖ ሥራቸው የተለያየው ነጥቦቹ ባረፉበት ቦታ ምክንያት ነው።

ነጥቦቹ ኬሚካሎች ናቸው። በጣም የታወቀው ሜቲል ይባላል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ነው። ጂኑ መነበብ በሚጀምርበት በር፣ ማለትም ፕሮሞተር በሚባለው ክፍል ላይ ሜቲል ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ሁለተኛው የምልክት ማረፊያ ሂስቶን የተባለው ፕሮቲን ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ሁሉ በዓይን በማይታይ ኒውክሊየስ ውስጥ የሚከተተው በሂስቶኖች ላይ እየተጠመጠመ ነው፤ ስምንት ሂስቶኖች አንድ እንክብል ይሠራሉ፣ በአንዱ እንክብል ላይ 147 ጥንድ ፊደል ይጠመጠማል። ከእንክብሉ ወደ ውጭ የሚወጡ ጭራዎች አሉ፤ ምልክት በብዛት የሚለጠፈው እነሱ ላይ ነው። አሴቲል የተባለው ምልክት ሲለጠፍ ጥምጥሙ ይላላል፣ ጂኑም ይነበባል። ሲነሳ መልሶ ይጠብቃል።

ለጣፊዎቹና አንሺዎቹ ኢንዛይሞች ናቸው። ዲኤንኤምቲ የሚባሉት ዲኤንኤ ላይ ሜቲል ይለጥፋሉ፤ ቴት የሚባሉት ለመነሳቱ መንገድ ይከፍታሉ። ኢዜድኤች2 በሦስተኛው ሂስቶን ጭራ 27ኛ ቦታ ላይ ሜቲል ይለጥፋል። ኤችዳክ የሚባሉት አሴቲልን ያነሳሉ። ለካንሰር ተመራማሪ ይህ ሁሉ የሚያጓጓ ነው፦ የተሳሳተ የዲኤንኤ ፊደልን በክኒን መመለስ አይቻልም፤ የተለጠፈ ግን ይነሳል፣ የተነሳም ይለጠፋል። ኢንዛይም ደግሞ ሥራውን የሚሠራበት ጎድጓዳ ስፍራ ስላለው ትንሽ ሞለኪውል ገብታ ልትደፍነው ትችላለች።

አንድ ስህተት ይህን ሁሉ ምልክት እንዴት ያዛባል?

የተሳካው መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው በ2008 ነው። ግሊዮብላስቶማ የተባለውን እጅግ አደገኛ የአንጎል ዕጢ ጂኖች ፊደል በፊደል ያነበቡ ተመራማሪዎች በተወሰኑ ታካሚዎች፣ በተለይም በወጣቶች ላይ፣ አይዲኤች1 በተባለ ጂን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ለውጥ አገኙ። በፕሮቲኑ 132ኛ ቦታ መገኘት የነበረበት አርጂኒን በሌላ አሚኖ አሲድ፣ ብዙውን ጊዜ በሂስቲዲን ተተክቷል። በኋላ እንደታየው ለውጡ በብዛት የሚገኘው ቀስ ብለው በሚያድጉት፣ አስትሮሳይቶማና ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ በሚባሉት ዕጢዎች ላይ ነው።

አይዲኤች1 በጥብቅ አነጋገር ኤፒጄኔቲክ ኢንዛይም አይደለም። ሥራው በሴሉ የምግብ ልውውጥ ውስጥ አይሶሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ አልፋ-ኬቶግሉታሬት መቀየር ነው። የተለወጠው ኢንዛይም ግን ሌላ አመል ያወጣል፤ አልፋ-ኬቶግሉታሬትን ተቀብሎ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የተባለ፣ በመልክ እጅግ የሚመስለውን ነገር ይሠራል። ጤነኛ ሴል ውስጥ ኢምንት የሆነው ይህ ንጥረ ነገር በዕጢው ውስጥ ብዙ እጥፍ ይከማቻል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቴትም ሆነ ከሂስቶን ሜቲልን የሚያነሱት ኢንዛይሞች ለመሥራት አልፋ-ኬቶግሉታሬት የግድ ያስፈልጋቸዋል። አምሳያው ቦታውን ይይዝና ሥራ ያስፈታቸዋል። ለጣፊው እንደ ወትሮው ይለጥፋል፤ አንሺው ቆሟል። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ሜቲል በሜቲል ላይ ይደረባል፣ ወደ በሰለ የአንጎል ሴል የሚያደርሱት ጂኖች ይዘጋሉ፣ ሴሉም ሳይበስል እየተባዛ ይቀራል።

"ሜቲል ማለት መዝጊያ ነው" ብሎ ማቆም ግን ያሳስታል። በዲኤንኤ ላይ እንደ አጥር ሆነው ጎረቤት ጂኖችን የሚለዩ ቦታዎች አሉ፤ አጥሩን የሚያቆመው ሲቲሲኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሜቲል በእነዚህ ቦታዎች ሲያርፍ ፕሮቲኑ መያዝ ያቅተዋል፣ አጥሩ ይፈርሳል፣ ለጎረቤት የተመደበ የማነቃቂያ ክፍል ፒዲጂኤፍአርኤ የተባለውን ዕድገት አፋጣኝ ጂን ያበራዋል። ያው ምልክት አንዱን ዘግቶ ሌላውን ከፈተ ማለት ነው።

ቮራሲዴኒብ በእርግጥ ምን አስገኘ?

ክኒኑ የተለወጡትን አይዲኤች1ንና ዘመዱን አይዲኤች2ን ያስራል፤ የ2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ምንጭ ይደርቃል። ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒቱን ከወሰዱ ታካሚዎች የተቆረጠ የዕጢ ናሙና ሲለካ ንጥረ ነገሩ ከ90% በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ደርሶ ሥራውን ስለመሥራቱ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ፈቃዱን ያስገኘው ኢንዲጎ የተባለው ሙከራ ሲሆን ውጤቱ በ2023 ወጥቷል። 331 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ 168ቱ መድኃኒቱን፣ 163ቱ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ። ሁሉም ደረጃ 2 (ከአራቱ የአደገኛነት ደረጃዎች ሁለተኛው) ዕጢ ያለባቸው፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ጨረርም ሆነ ኬሞቴራፒ ያልጀመሩ ናቸው። ዕጢው ሳያድግ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ በመድኃኒቱ 27.7 ወር፣ በአምሳያው 11.1 ወር ሆነ። የዕጢው መጠን በየ6 ወሩ አምሳያውን በወሰዱት ላይ በአማካይ 13.9% ሲጨምር፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 2.5% ቀነሰ።

ቁጥሩ ያልተናገረውንም እንመልከት። ዕጢው አልጠፋም፤ ዕድገቱ ተገታ እንጂ። የ2023ቱ ውጤት የለካው ዕጢው ሳያድግ የቆየበትን ጊዜ ነው እንጂ ታካሚው በጠቅላላ የኖረበትን ዘመን አይደለም። ያም ሆኖ ትርፉ ቀላል አይደለም። በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላለ ሠራተኛ፣ ለማስታወስና ለማሰብ ችሎታ አደገኛ ሊሆን የሚችለውን የጨረር ሕክምና ለዓመታት ማዘግየት ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

አወሳሰዱ ቀላል ነው፦ በቀን አንዴ 40 ሚሊ ግራም። የተፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ሲሆን ክብደቱ ከ40 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ 20 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ጥንቃቄው ጉበት ላይ ነው። የጉበት ኢንዛይሞች ክፉኛ ከፍ ሊሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየ2 ሳምንቱ፣ ቀጥሎም እስከ ሁለት ዓመት በየወሩ ይደረጋል። ታካሚው ምንም ሳይሰማው ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል፤ "ደህና ነኝ" ብሎ ምርመራውን መዝለል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲጋራ ማጨስ መድኃኒቱን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ በተቃራኒው በደም ውስጥ ያከማቹታል። በሆርሞን የሚሠሩ የወሊድ መከላከያዎችን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ፅንስንም ስለሚጎዳ፣ ሆርሞን የሌለው መከላከያ ያስፈልጋል።

ለምን በጊዜ መጀመር አለበት?

የቮራሲዴኒብ ታላቅ ወንድም የሆነው ኢቮሲዴኒብ በመጀመሪያ ሙከራው ይህን አሳይቶ ነበር። ኤምአርአይ ሲነሳ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አለ፤ ዕጢው ማቅለሚያውን መጦ ካበራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አደገኛ ደረጃ እየተሻገረ ነው ማለት ነው። በማያበሩ ዕጢዎች በሽታው ሳይገፋ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 13.6 ወር ነበር፤ በሚያበሩት 1.4 ወር ብቻ። ዕጢው ሲያረጅ ሌሎች የጂን ጉዳቶች ይደራረባሉ፤ ያስጀመረው ስህተት ባይኖርም በራሱ መሮጥ የሚችልበት ደረጃ ይደርሳል። እሳቱ ከተዛመተ በኋላ ክብሪቱን መቀማት እንደማለት ነው።

በልጆች ላይ የሚታየው ዕጢስ?

በልጆች የአንጎል ግንድ ላይ የሚበቅለው ግሊዮማ (ከአንጎል ደጋፊ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ከሁሉም የከፋ ነው። ቦታው መተንፈስንና መዋጥን የሚያዝ ስለሆነ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ከምርመራ በኋላ አብዛኞቹ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፉም። በ2012 መንስኤው ሲታወቅ ስህተቱ በኢንዛይም ላይ ሳይሆን ምልክቱ በሚለጠፍበት ሂስቶን ራሱ ላይ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ሂስቶን 27ኛ ቦታ ላይ ላይሲን በሜቲዮኒን ተተክቷል። ለውጡ በምሕጻር ኬ27ኤም ይባላል።

የሚያስገርመው መጠኑ ነው። ይህን ሂስቶን የሚሠሩ ጂኖች ብዙ ናቸው፤ የተበላሸው አንዱ ቅጂ ብቻ ነው፤ የተበላሸው ፕሮቲንም ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም ምልክቱ ከጤነኞቹ ሂስቶኖችም ላይ ጭምር ይራቆታል። ሜቲዮኒኑ ለጣፊው ኢዜድኤች2 ያለበትን የኢንዛይም ስብስብ አንቆ ስለሚይዘው ነው። ከላይ ያየነው የአዋቂዎች ዕጢ ከልክ በላይ የተለጠፈበት ነበር፤ ይህ ደግሞ የጎደለበት ነው። ስለዚህ "ሜቲል የሚያነሳ መድኃኒት ለአንጎል ዕጢ ይጠቅማል" የሚል አጠቃላይ ቃል ከመነሻው ስህተት ነው።

ታዲያ ኢዜድኤች2ን የሚያስር መድኃኒት እዚህ ምን ይፈይዳል? ታዜሜቶስታት በ2020 ለአንድ ዓይነት ሳርኮማ ተፈቅዷል፤ ለአንጎል ሲታሰብ ግን ሁለት ችግር አለ። ወደ አንጎል በደንብ አይገባም። ከዚያም በላይ ኬ27ኤም ባለባቸው ሴሎች ላይ በላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት የተጋጨ ነው፤ በአይጦች ላይ በተደረገ የግሊዮብላስቶማ ጥናትም ኢዜድኤች2ን ለረጅም ጊዜ ማጥፋት ዕጢውን ይበልጥ አስፈሪ አድርጎታል። መጠኑና ጊዜው ካልተለካ መድኃኒቱ ለዕጢው ሊያግዝ ይችላል ማለት ነው።

ኬ27ኤም ላለባቸው ዕጢዎች የመጀመሪያው ፈቃድ የመጣው ባልተጠበቀ በር ነው። በኦገስት 2025 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶርዳቪፕሮን፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይምን ያነቃቃል፤ ኢዜድኤች2ን አይነካም። በሽታው ተመልሶ ከገፋባቸው 50 ታካሚዎች 22% ላይ ዕጢው ቀንሷል። ሴሎቹ ሲመረመሩ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ጨምሮ፣ አንሺዎቹ ተዳክመው፣ የጠፋው የሂስቶን ምልክት በከፊል ተመልሶ ነበር። በአዋቂዎቹ ዕጢ ዋነኛ ተከሳሽ የነበረው ንጥረ ነገር እዚህ ለመከላከያ ምስክር ሆኖ መጣ።

የኤችዳክ መድኃኒቶች ለምን ከሸፉ?

ብዙ የተጠበቀው ከእነዚህ ነበር። ቮሪኖስታት በ2006 ለቆዳ ሊምፎማ፣ ፓኖቢኖስታት በ2015 ለመልቲፕል ማይሎማ ተፈቅደዋል። ሳህን ላይ በሚያድጉ የግሊዮማ ሴሎች ላይ ግሩም ይሠራሉ። ታካሚ ላይ ግን አልሆነም፤ አዲስ በተገኘ ግሊዮብላስቶማ ላይ ቮሪኖስታት ከጨረርና ቴሞዞሎማይድ ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሞከር የተያዘለትን ግብ አልመታም።

አንደኛው ምክንያት የደምና የአንጎል አጥር ነው። የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች ክፍተት ሳይኖር ተጣብቀዋል፤ ሰብሮ የገባውንም ሞለኪውል መልሰው የሚተፉ ፓምፖች አሏቸው። መጠኑን ጨምሮ ማስገባት ይሞከር ቢባል መርዙ ቀድሞ የሚሰማው ደምና አንጀት ነው፤ የደም አርጊ ይወርዳል፣ ተቅማጥና ድካም ይመጣል። ሁለተኛውና የበለጠ ሥር የሰደደው ምክንያት፣ ኤችዳክ በዕጢው ውስጥ የተበላሸ ነገር አለመሆኑ ነው። በመላው ሰውነት በጤነኛ ሴሎች ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ነው፤ ሲታሰር በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች በአንዴ ይናወጣሉ፣ የትኛው ለጥቅም የትኛው ለጉዳት እንደሆነ መለየት አይቻልም። አይዲኤች በአንጻሩ ዕጢው ውስጥ ብቻ የተለወጠ ስለሆነ ጤነኛው ሴል የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። የዚህ ዘርፍ ዋና ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮይክ አሲድ ኤችዳክን ስለሚያስር ዕድሜ ያራዝማል የሚባለው። ከ1,800 በላይ የግሊዮብላስቶማ ታካሚዎች መረጃ በአንድነት ሲመረመር በ2016 ጥቅም አልታየም። ለመንቀጥቀጥ ከታዘዘ ለመንቀጥቀጡ ይወሰዳል፤ ለዕጢው ተብሎ ግን አይጀመርም።

ኤፒጄኔቲክስ ዛሬ በየሕክምናው የሚገባው የት ነው?

ሳይታሰብ በምርመራው በኩል ነው። ለግሊዮብላስቶማ የሚሰጠው ቴሞዞሎማይድ ጓኒን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ሜቲል ይለጥፋል። ይህ ሜቲል ጉዳት እንጂ የንባብ ምልክት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ኤምጂኤምቲ የተባለ ኢንዛይም ጉዳቱን ወደ ራሱ አዙሮ ይጠግንና እሱም አብሮ ያልቃል፤ አንድ ኢንዛይም አንድ ጥገና ብቻ። እንግዲህ የኤምጂኤምቲ ጂን በር በሜቲል ከተዘጋ ጠጋኝ አይኖርም፣ መድኃኒቱም ያይላል። በ2005 በወጣው ጥናት በሩ የተዘጋባቸው ታካሚዎች በጨረር ብቻ 15.3 ወር፣ ቴሞዞሎማይድ ሲጨመር 21.7 ወር በመካከለኛ ስሌት ኖረዋል። በሩ ያልተዘጋባቸው ያገኙት ጥቅም በጣም አነስተኛ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። በፎርማሊን ተጠብቆ ሰም ውስጥ ከተቀመጠው ናሙና ዲኤንኤ ይወጣል፤ ከዚያ በሶዲየም ባይሰልፋይት ይታከማል። ባይሰልፋይት ሜቲል የሌለበትን ሳይቶሲን የተባለ የዲኤንኤ ፊደል ዩራሲል ወደተባለ ሌላ ፊደል ይቀይራል፤ ሜቲል ያለበትን አይነካም። ቀጥሎ ፊደሉ ሲነበብ ሳይቶሲን ሆኖ የቀረው ሁሉ ሜቲል ነበረበት ማለት ነው። ስህተት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች የታወቁ ናቸው። ናሙናው ውስጥ ጤነኛ አንጎልና የደም ሴል ከበዛ የእነሱ ያልተዘጋ በር ውጤቱን ያቀጥነውና "አልተዘጋም" ይባላል፤ ስለዚህ የፓቶሎጂ ባለሙያው ዕጢ የበዛበትን ስፍራ መርጦ ማስፋቅ አለበት። ባይሰልፋይቱ ሥራውን ካልጨረሰ በተቃራኒው ያልተቀየረው ሁሉ ሜቲል ያለበት ይመስላል። ፎርማሊንም ባይሰልፋይትም ዲኤንኤውን ይቆራርጣሉ፤ ትንሽ ናሙና ከሆነ የሚነበብ ነገር ላይተርፍ ይችላል።

ዲኤንኤምቲን የሚያስሩት፣ ለደም በሽታ የተፈቀዱት አዛሲቲዲንና ዴሲታቢን ለግሊዮብላስቶማ በቀላሉ ያልተወሰዱበት አንዱ ስጋትም እዚሁ ላይ ነው። ሜቲልን ሳይመርጡ ሲያራግፉ የኤምጂኤምቲን በር ሊከፍቱና ጠጋኙን ሊመልሱት ይችላሉ።

በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ምን ይፈለግ?

በመጀመሪያ የአይዲኤች መስመር። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በፀረ እንግዳ አካል ማቅለም ነው፤ ዕጢው ቡናማ ከሆነ ለውጡ አለ። ማቅለሚያው የሚያውቀው ግን አር132ኤች የተባለውን፣ አርጂኒን በሂስቲዲን የተተካበትን አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ይህ በግሊዮማ ከሚታዩት የአይዲኤች1 ለውጦች 90% ያህሉን ይሸፍናል፤ የተቀሩትንና አይዲኤች2ን አያይም። ታካሚው ከ55 ዓመት በታች ከሆነና ማቅለሚያው "የለም" ካለ ጂኑ በቀጥታ ሊነበብ ይገባል። እዚህ ላይ ቆሞ "ለውጥ የለም" ብሎ መዝጋት፣ ቮራሲዴኒብ የሚገባውን ሰው ከመስመር ሊያስወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ደረጃው፤ የአሜሪካው ፈቃድ ለደረጃ 2 ብቻ ነው። ከ2021 በፊት የተጻፈ ወረቀት ከሆነ ስሙም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ዓመት ባወጣው ምደባ አይዲኤች የተለወጠበት ዕጢ ግሊዮብላስቶማ መባሉ ቀርቶ "አስትሮሳይቶማ ደረጃ 4" ሆኗል።

ማይክሮስኮፑና የጂኑ ምርመራ ካልተስማሙ የዕጢውን ጠቅላላ የሜቲል አሰፋፈር አንብቦ የሚመድብ ዘዴ አለ። በ2018 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ 82 የዕጢ ዓይነቶችን የሚለይ ሲሆን፣ በተሞከረባቸው ታካሚዎች 12% ያህሉ ላይ የመጀመሪያውን ምርመራ አስቀይሯል። ለእነዚህ ምርመራዎች ሁሉ የሚበቃው በሰም የተቀመጠው ብሎክ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሊነበብ ይችላል። ታካሚ ሕክምና ቤት ሲቀይር ከወረቀቱና ከኤምአርአዩ ሲዲ ጋር ብሎኩ የት እንደተቀመጠ፣ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ጠይቆ መያዝ አለበት።